ብረቱን የያዙት ተሳፋሪዎች

ስለ ባለቤቴ ልጽፍ ነው። እሷ የአውቶቡስ ሾፌር ናት፣ እኔ ደግሞ በእሷው አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነኝ። ጽሑፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ ፊደሉ ላይ እንገጫገጫለሁ። ግን ይህን ነገር ዝም ብል ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ስሟ «ፍሬን» ነው። ሥራ በጀመረች ቀን ውሻ መንገድ ገባባትና ፍሬኑን ስትረግጠው ተሳፋሪው ሁሉ ተደራርቦ እኔ ላይ መጣ። ስሙ ከዚያ ወዲህ አለቀቃትም። ዛሬ ግን አውቶቡሱ መቆሙ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ነው፣ እንደዚያ አድርጋ ነው የምታቆመው። ተሳፋሪዎች እኔን አይምሩኝም። «አንተ፣ ቤትም እሷ ናት የምትነዳህ?» ይሉኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ትኬቴን እቆርጣለሁ። እሷ በመስታወቱ እያየችኝ «ቤትማ ካልገፉት አይነሳም!» ትላለች። አውቶቡሱ በሳቅ ይሞላል።

ታዲያ ድርጅታችን ተቀጣጣይ አውቶቡስ አመጣ። ያ ሁለት ሆኖ መሀሉ ላይ የሚተጣጠፈው! ባለቤቴ ጋራዥ ሲገባ ካየችው ቀን ጀምራ እንቅልፍ አጣች። የሚይዘው አንድ ሾፌር ብቻ ነው፣ እሱም በፈተና። ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ጉዞው ሳያልቅ ከመሪው የወረደ ወደቀ።

ፈተናው በቀረበበት ሳምንት ያ ነገር ተመለሰባት። ያ ነገር... እንግዲህ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የሽንት ቃጠሎ ነው። ከዚህ በፊትም ይዟት ያውቃል። ክኒን ትጀምራለች፣ ሲሻላት ትተወዋለች፣ እንደገና ይመጣል። እኔ ብርድ ነው ብዬ መቀመጫዋ ላይ የምታደርገው ወፍራም ትራስ ሰፍቼላት ነበር። እሷ ደግሞ እንደ ሾፌሮቹ ሁሉ ዘዴዋ ውሃ አለመጠጣት ነው። ፌርማታው ላይ ሽንት ቤት የለማ! ከመጣባትም ትቋጥረዋለች።

ጤና ጣቢያ በግድ ወሰድኳት። የላብራቶሪዋ ሴትዮ በዕድሜ ከእኛ ከፍ ያለች፣ ጨዋታ የምትወድ ናት። ማይክሮስኮፑን አስተካከለችና «ነይ እስቲ፣ የራስሽን ጉድ እይ» አለቻት።

ባለቤቴ አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። ከዚያ ጮኸች።

«ይንቀሳቀሳሉ! አንተ ና፣ ና እይ! ሞልተዋል እኮ! አንዳቸውም ትኬት የላቸውም!»

እኔም አየሁ። እንደ ቁራጭ ክር ያሉ ደቃቅ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ሚስቴን የሚያቃጥሏት!

«ባክቴሪያ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ብዙውን ጊዜ ከአንጀት ነው የሚመጣው። እዚያ ሲኖር ችግር የለበትም፣ ወደ ሽንት ቱቦ ሲሻገር ነው ጉዱ። የሴት ቱቦ ደግሞ አጭር ነው፣ ቶሎ ፊኛ ይደርሳል።»

«ታዲያ እትዬ፣ ስሸና ለምን ታጥቦ አይወጣም?»

«ብዙው ይወጣል። አንዳንዱ ግን ከፀጉር በጣም የቀጠነ መያዣ አለው፣ በዚህ መሣሪያ እንኳ አይታይም። በዚያ የፊኛውን ግድግዳ ይጨብጣል። የሚገርምሽ ደግሞ፣ ሽንቱ ሲጎትተው ይባስ ጠበቅ አድርጎ ነው የሚይዘው!»

ባለቤቴ ጭኗን መታች። «ብረቱን ነዋ የያዙት!»

«የምን ብረት?»

«አውቶቡስ ላይ ነዋ! ቀስ ብዬ ስነዳ የቆመ ሰው ብረቱን እንደ ነገሩ ነው የሚነካው። ፍሬን ስይዝ ግን ጭምቅ! የሚወድቀው ያልያዘው ነው!»

ሴትዮዋ እስኪያስላት ሳቀች። «እንደሱ ነው! ከያዘ በኋላ ይራባል፣ ግድግዳውን ያስቆጣል፣ ቃጠሎውም ያ ነው። አንቺ ስትቋጥሪ በር ዘግተሽ ጊዜ ትሰጪዋለሽ። ውሃ ጠጪ፣ ሲመጣ ሽኚ፤ ብዙው ብረት ሳይዝ ይወርድልሻል። ለያዘው ሐኪሙ መድኃኒት ያዝልሻል፣ ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ!»

«ትራሱስ?» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች።

የፈተናው ቀን መድኃኒቷን ገና አልጨረሰችም፣ ግን ቃጠሎው በርዷል። ውሃዋንም እየጠጣች ነው። እኛ የድርጅቱ ሠራተኞች ተሳፋሪ ሆነን ተጫንን። ፈታኙ መሪ ላይ ያረጁ ትልቅ ሰው ናቸው። ሌሎቹ ሾፌሮች ተፈትነው እሷ የመጨረሻ ነበረች። እንዴት ነዳችው መሰላችሁ! ያ ረጅም ነገር ከኋላዋ እንደ ውሃ ይፈሳል።

መንገዱ ሲጋመስ በመስታወቱ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ወይኔ አልኩ በሆዴ። ማደያ ጋ ስትደርስ ዳር ይዛ አቆመች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

«ጋሼ፣ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ፈተና ላይ ነሽ እኮ ልጄ! ከወረድሽ አበቃ!»

«እንግዲያው ያብቃ። ታምሜበታለሁ፣ ሁለተኛ አልቋጥርም።» ወረደች።

«በቃ፣ ለእኔ ቀረ!» አለ ከኋላ አንዱ ሾፌር።

እኔ «ትኬት» ከማለት በቀር አውቶቡስ ውስጥ ድምፄን አሰምቼ አላውቅም። ግን እግሬ ራሱ ተነሣ። ብረቱን ይዤ «ጋሼ... ብረቱን እኮ ይይዛሉ!» አልኩ።

«እነማን ናቸው የሚይዙት?»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። መያዣውን፣ ፊኛውን፣ ቃጠሎውን። ሽንት የምትለዋን ቃል ያን ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ አልኳት! ብረቱን ጭምቅ አድርጌ ይዣለሁ።

ጋሼ ጠጋ ብለው በዝግታ «ወንድንስ ይይዛል?» አሉኝ።

«ይይዛል ጋሼ። ቱቦው ረዘም ስለሚል ከሴት ያነሰ ነው እንጂ።»

ኮፍያቸውን አውልቀው መቀመጫው ላይ አስቀመጡ። «ማንም እንዳይነካብኝ» ብለው ወረዱና ወደ ማደያው በሩጫ! ባለቤቴን በር ላይ ሊገጯት ነበር። ያ «ለእኔ ቀረ» ያለውም ሾፌር ተከተላቸው።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ንጂ» አሉ። «እኔም ስለወረድኩ ፈተናው ለጊዜው ቆሞ ነበር። ፈታኝ በሌለበት ማን ይወድቃል?»

ባለቤቴ የመጨረሻውን ጠባብ መታጠፊያ ጫፉን ሳታስነካ አዞረችው። ጋራዥ ስንደርስ ቁልፉን ልታስረክባቸው ዘረጋች። ጋሼ ግን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ያንቺ ነው፣ ያዢው።»

ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ቆመሃል? ትራሴን አምጣልኛ!»