ፓጉሜን ያጠፋሁ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባልደረባችን ሲስተሙ ለምን እንደቆመ ስትጠየቅ፣ «ኧረ እኔ አንድ መስመር ብቻ ነው የነካሁት!» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ያችን አንድ መስመር አውቃታለሁና።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጂንካ ውስጥ ለአንድ የጤና ፕሮጀክት እሠራ ነበር። ሥራዬ፣ እኛን ጥሎ አዲስ አበባ የገባ ሰው የጻፈውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጠበቅ ነበር። ፕሮግራሙ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ቀጠሮ ይይዛል፤ መኪና ወደ ቆላ በወረደ ቁጥር ማን ምን እንደሚደርሰው ዝርዝር ያትማል። ሰኔ ላይ አለቃችን፣ «ይቺ የፓጉሜ ዓምድ ሪፖርቱን ከገጽ አስወጣችብኝ፤ ከነሐሴ ጋር ደምርልኝ» አለችኝ። ምን ችግር አለው! በፕሮግራሙ ውስጥ የዓመቱን ወራት የምትቆጥረውን ቁራጭ ኮድ፣ ፈንክሽኗን፣ ከፍቼ አሥራ ሦስቱን አሥራ ሁለት አደረግኳት። ሪፖርቱ አማረ፤ አለቃዬም አመሰገነችኝ። ወጣትነት መቼም፣ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ የበቆሎ እሸት እየጋጥኩ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ስንጎማለል የሚያክለኝ አልነበረም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት፣ ሾፌራችን ጋሽ ኦይታ ዝርዝሩን ይዞ ቢሮዬ ገባ። የበና ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ሐመርኛም የካራ ቋንቋም ይችላል፤ በሽተኞቹን ከነልጆቻቸው ያውቃቸዋል።

«የዱስ መንደሩ ናኩዋስ የታለ?»

«ከሌለ ጨርሷል ማለት ነው።»

«ምን ጨረሰ! ገና አራተኛ ወሩ ነው። የፓጉሜ ሁለት ሰው ነው፤ ቀጠሮውን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ኦይታ፣ ማሽን አይሳሳትም።» ይህን ያልኩበትን አፌን ዛሬም ብመታው ደስ ይለኛል።

ጋሽ ኦይታ በመስኮት ደመናውን አየ። ከቱርሚ ወዲያ መንገዳችንን የሚያቋርጡት ደረቅ የአሸዋ ወንዞች ላይኛው አገር ከዘነበ በአንዴ ነው የሚሞሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ስማ፣ እኛ ዘንድ በረትህ ያለ በሬ ሁሉ ያንተ አይደለም። የወዳጅህ አለ፣ የአማችህ አለ። ሳትጠይቅ ካረድክ ከስንቱ ትጣላለህ! አንተ እዚያ ውስጥ ምን አረድክ?»

ያረድኳትን አውቃለሁ።

ያ የሄደው ሰው አንድ መሣሪያ ትቶልን ነበር፤ ሥዕል የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። የአንድ ፈንክሽን ስም ስትሰጠው ከኮዱ ሁሉ ማን ማን እንደሚጠራት፣ ማለትም ማን ማን እንደሚጠቀምባት፣ ይዘረዝርልሃል። እስከዚያ ቀን ንቄው ከፍቼው አላውቅም። የወር ቆጣሪዋን ስም ጻፍኩ። ሪፖርቱ ብቻ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አሥራ አንድ መስመር ወረደ፤ አራተኛው የቀጠሮ ዝርዝሩ ነው። ፕሮግራሙ ወር እየቆጠረ አሥራ ሁለት ላይ ያቆማል፤ ፓጉሜ የተቀጠረ ሰው በሙሉ ለሱ የለም።

ቶሎ ወደ አሥራ ሦስት መለስኳት። ማተሚያው ገና ሲጀምር መብራት ጠፋ። የመጠባበቂያው ባትሪ ይጮሃል፣ ውጭ ጋሽ ኦይታ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ከስክሪኑ ላይ ስሞች እገለብጣለሁ። ዘጠኝ ሰው። የመጨረሻውን ስጽፍ ስክሪኑ ጨለመ። መድኃኒቱን ከመጋዘን አውጥተን ስንነሳ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ ከጎኑ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ዘግይተናል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ቡናማ ጎርፍ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ወዲያ ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ገና አሁን መሻገሩን በምልክት ነገረን። ጋሽ ኦይታ ሞተሩን አጠፋ። ሦስት ቀን እዚያው አደርን።

የካራዎቹ መንደር ዱስ ስንገባ ፓጉሜ አራት ሆኗል። ናኩዋ ሁለት ቀን ዛፍ ሥር ሲጠብቀን ሰንብቶ፣ ተስፋ ቆርጦ በታንኳ ኦሞን ተሻግሮ ወደ ከብቶቹ ሄዷል። ያለ መድኃኒት። ያገኘነው ኅዳር ላይ ነው፤ ከስቶ፣ እያሳለው። ሐኪሙ ሕክምናውን ከአንድ ብሎ አስጀመረው፤ አሁን ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ከመርፌ ጋር።

«ጥፋቱ የኔ ነው በልልኝ» አልኩት ጋሽ ኦይታን። በካራ ቋንቋ ተናገረ። ናኩዋ ሰማና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ እጄን ያዘኝና ፈገግ አለልኝ።

ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ምን አልከው?» አልኩ።

«ወንዝ ሞላብን አልኩት። ወንዝን ሰው አይቀየምም።»

ተመለስ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ።

ናኩዋ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚጠራት ሳልጠይቅ አንዲት ፈንክሽን ነክቼ አላውቅም፤ ቢሮ ያሉት ልጆች «ፈሪ» ይሉኛል፣ ይበሉ። ሙያዬን በደንብ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ወንዙ ምንም አላጠፋም ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህ በካራ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቅኩም።