ስም ያልተጻፈበት መርዶ

ባለፈው መንፈቅ የሥነ ጽሑፍ መግቢያ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። ከአንድ መጽሐፍ፣ ከአንድ ፊልምና ከአንድ ዜና ተነሥተን በሦስቱም ውስጥ የሚታይ አንድ የኑሯችንን ጉዳይ እንድንጽፍ ነበር። እኔ መጀመሪያ ስደትን መረጥኩ። አምስት ገጽ ጽፌ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጬ፣ ከተባለው ቀን አስቀድሜ ወሰድኩላቸው። መምህሩ እንደቆሙ ሁለት ገጽ አነበቡና መለሱልኝ።

«ጥሩ ነው፤ ግን ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል» አሉኝ። «የምትኖሪው የት ነው?»

«ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም።»

«ታዲያ ጀሞ እዚህ ውስጥ የለችማ! የሰው ስም አትጥሪ እንጂ ያየሽውን ጻፊ።»

ከክፍል ስወጣ ፊቴ ይቃጠል ነበር። ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ በመምህር ፊት ጎበዝ መባልን የለመድኩ ልጅ ነኝ፤ «ጥሩ ነው፤ ግን» የሚለውን መቻል አቃተኝ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ምን አይቻለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ብዙም ማሰብ አላስፈለገኝም። በዚያው ሳምንት በእኛ ሕንፃ ውስጥ ሁላችንም አንድ ነገር እየደበቅን ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆሳዕና የመጡ አንዲት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ደረጃ ላይ ካገኙን «ጌታ ይባርካችሁ» ሳይሉን አያልፉም። ልጃቸው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ አሁን መካኒሳ አንድ የግል ኮሌጅ ትማራለች። ወንድሟ ደቡብ አፍሪካ ትንሽ ሱቅ ነበረው። እሑድ ዕለት ዘራፊዎች እዚያው ሱቁ ውስጥ ተኩሰው ገደሉት። አብሮት የሚሠራው ልጅ እዚህ ላለው ዘመዳቸው ደወለ፤ ዘመዳቸው ለዕድራችን የሴቶች ሰብሳቢ ነገሩ። ሰኞ ጠዋት ከእናትየውና ከልጅቷ በቀር ሕንፃው በሙሉ ያውቅ ነበር።

እናትየው ደም ብዛት አለባቸው። ስለዚህ ታላቅ ወንድማቸው ከሆሳዕና እስኪመጡ ተጠብቆ፣ ሐሙስ ንጋት ላይ ፓስተራቸውና ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ ሆነው እንዲገቡ ተወሰነ። እስከዚያ ግን ሁሉም ሰው እንደ ወትሮው ሰላም ሊላቸው ነው። ደቡብ አፍሪካ ከሟቹ ጋር ይሠራ የነበረው ልጅ እንኳ «ስልኩ ተሰብሮበት ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ሌላ ከተማ ሄዷል» ብሎ እንዲጽፍላቸው ተነግሮት ጽፎላቸዋል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰብሳቢዋ ቤት፣ ለለቅሶው ወጥ ሽንኩርት ልንከትፍ ተጠራን። በሩን ዘግተን ነበር፤ ሽታ ግን በር አያግደውም። እናትየው ከገበያ ሲመለሱ አንኳኩ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሽንኩርት? ሳትነግሩኝ ልትድሩ ነው እንዴ?»

ሰብሳቢዋ ቢላዋውን እንደያዙ ሳቁ። «የልጅ ልጄ ክርስትና ነው እንጂ! ላፍቶ፣ ልጄ ቤት ነው ድግሱ።»

«እሰይ! ታዲያ በዚህች ድስት ነው? ይቺማ ለአይጥ ክርስትናም አትበቃ!»

ብለው ወጡ። ሲመለሱ የራሳቸውን ትልቁን ድስት አቅፈው ነበር፤ አንደኛው ጆሮው በሽቦ የታሰረ ድስት። እኛ መሀል ተቀምጠውም ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ። ዙሪያቸውን ሲያዩ የሁላችንም ዐይን ቀልቷል። «አይ የዘንድሮ ሽንኩርት» አሉና ሳቁ።

ጥግ ላይ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ከዜናው መጨረሻ ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በሱቁ ውስጥ መገደሉን፣ ስሙ ግን እንዳልተገለጸ ተናገረ። የእናትየው ቢላዋ ቆመ።

«የማንን ቤት አጨለሙት?» አሉ። «እናቱ ብቻዋን ሆና አትስማ፣ ጌታ ሆይ።»

ሰብሳቢዋ ተነሥተው ሬዲዮውን ዘጉት። እናትየው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልካቸውን አወጡ፤ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል የሚለውን መልእክት እንደገና አዩት፤ ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሱ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አዲሱን ጽሑፍ ጻፍኩ። በፊልሞቻችን ውስጥ መርዶ ፈጣን ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ስልክ ይጮኻል፣ ብርጭቆ ከእጅ ይወድቃል፣ ሙዚቃው ይነሣል፣ ወዲያው ሁሉንም ጥቁር ለብሰው እናያቸዋለን። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት ልብ ወለድ ደግሞ ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሴቲቱ ሳይነግራት ይገባታል። ዜናውም ስም ሳይጠራ ያልፋል። ሦስቱም የሚዘሉት ነገር አለ አልኩ፤ በሞቱና በጩኸቱ መካከል ያሉትን ቀናት፣ ጎረቤት ሁሉ እያወቀ የሚስቅባቸውን። ከዚያ ድስቱን ጻፍኩ። በሽቦ የታሰረውን ጆሮ ጻፍኩ። «እናቱ ብቻዋን ሆና አትስማ» ያሉትንም ጻፍኩ።

ስም አልጻፍኩም። የሕንፃውን ቁጥር፣ የሟቹን ዕድሜ፣ የመጡበትን አገር አልጻፍኩም። ረቡዕ ጠዋት ስሰጥ ደግሞ አስልቼ ነው፤ መምህሩ እስኪያነቡት ሐሙስ ይደርሳል፣ መርዶው ተነግሮ ያልቃል ብዬ ነበር።

ረቡዕ ማታ ግን የእናትየው ወንድም የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ መበላሸቱ ተሰማ። እሳቸው ሳይኖሩ አይሆንም ተባለና መርዶው ወደ እሑድ ተዛወረ። ሐሙስ ጠዋት መምህሩ ጽሑፌን በስልክ ፎቶ አንሥተው በክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፉት። ከሥሩ «ማየት ማለት እንዲህ ነው» የሚል ጽፈዋል። ያቺን አጭር መስመር ደግሜ ደጋግሜ አነበብኳት። ልጥፉን እንዲያነሡልኝ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ለአንዲት የድሮ የክፍል ጓደኛችን ላክሁላት። እሷ የእኛ ሕንፃ ሰው አይደለችም፤ ስለ ሟቹም አልሰማችም።

«ወይኔ፣ አስለቀስሽኝ እኮ! ደራሲ ሆነሽ ቀረሽ በቃ!» ብላ መለሰችልኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ታች ተሰበሰብን። ለእያንዳንዳችን ሥራ ተሰጥቶናል። ሁለት ጠንካራ ሴቶች እናትየውን ከግራና ከቀኝ ይይዛሉ፣ አንዷ ውሃ ትይዛለች፣ እኔ ደግሞ ጓደኛዬን እይዛለሁ። ፓስተሩ ሲያንኳኩ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ለብሳለች፤ ፀጉሯን አስራለች። በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ያን ያህል ሰው አይታ «ምን ሆናችሁ?» አላለችም። ወደ ጎን ሆና አሳለፈችን።

ሳሎኑ መሀል ሁልጊዜ የሚቀመጠው የመስታወት ጠረጴዛ አልነበረም። ግድግዳውን አስጠግታ በብርድ ልብስ ሸፍናዋለች። እናትየው ሲጮኹና መሬት ላይ ሲወድቁ የመታቸው ነገር የለም። እኔ እጇን ልይዝ ስቀርብ ጓደኛዬ አለፈችኝና ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ አስደገፈች። አላለቀሰችም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ድንኳን ውስጥ ስለ ጓደኛዬ ወሬ ተጀመረ። የእኔ ወንበር ከሴቶቹ ወንበር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሁሉን እሰማለሁ።

«አንዲት ጠብታ እንባ! አንዲት!»

«ስልኩን፣ ጫማውን ሲልክላትማ ጥርሷ አይከደንም ነበር።»

«የዛሬ ልጅ አይደለች? ልቧ ያለው ስልኳ ውስጥ ነው።»

እናትየውም ሰምተዋል መሰለኝ። ሊያጽናናቸው ለሚመጣ ሁሉ «የእሱስ የእሱ ነው፤ ይቺ ልጄ ድንጋይ ሆነችብኝ። እንባዋን ማን ወሰደባት?» ይሉ ነበር። ወደ ልጃቸው ባዩ ቁጥር ደግሞ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ሐኪም ሁለት ጊዜ ተጠራ።

ማክሰኞ ከሰዓት ደረጃው ላይ አገኘኋት። ባዶ ጄሪካን ይዛለች። «ይውጣልሽ፣ አልቅሺ እንጂ» አልኳት።

ጄሪካኑን አስቀምጣ ስልኳን አወጣችና ወደ ፊቴ አቀረበችው። የእጅ ጽሑፌ ነበር።

«ሐሙስ ነው የደረሰኝ፤ መካኒሳ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ» አለች። «ያቺ ጓደኛችን ናት የላከችልኝ። ‹ጎረቤትሽ የጻፈችው ነው፤ እንዴት እንደምትጽፍ እዪልኝ› ብላ።»

«ስም እኮ አልጻፍኩም…»

«አልጻፍሽም። የእናቴን ድስት ጻፍሽ።»

ፎቶውን በጣቷ አጉልታ ድስቱ ያለበትን መስመር አሳየችኝ።

«ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እዚያ ስደርስ ሰልፉ መሀል ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ‹ሰልፉን አታቁሚ፣ እህት› አለኝ። ታክሲው መጣ፤ መሳፈር አቃተኝ። እስከ ጀሞ በእግሬ ነው የመጣሁት። እማዬ ለምን አመሸሽ ስትለኝ ሰልፍ አልኳት። እራት በላሁ። ቧንቧ ከፍቼ እንኳ እንዳላለቅስ ውሃ ጠፍቷል።»

«ለምን ለአንዳችን አልነገርሽንም?»

«ለማንኛችሁ? ስወጣ ስገባ ሁላችሁም ትስቁልኝ ነበር። ለእማዬም በወጉ እንዲነገራት ፈለግኩ፤ እንደ እኔ እንዳትሆን። መቼ እንደምትመጡ ስላላወቅኩ በየንጋቱ ለብሼ ጠበቅኳችሁ። እሑድ ስትገቡ… እኔ ጨርሼ ነበር። አሁን ላልቅስ ብልም እሺ አይለኝም።» ጄሪካኑን አነሣች። «እማዬ አስቀድሜ ማወቄን እንዳትሰማ። ሦስት ቀን ብቻዬን መክረሜን ከሰማች ሁለተኛ ሞት ነው የሚሆንባት።»

እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ጽሑፉ ላይ የሟቹን ስም ብጽፍ ኖሮ፣ ያቺ ጓደኛችን እጇ ቢቆረጥ እንኳ አትልከውም ነበር። ስሙን የተውኩት ተጠንቅቄ ነው፤ የላከችውም ስሙ ስለሌለ ነው። ለመምህሩ ደውዬ ከቡድኑ ላይ እንዲያነሡት ለመንኳቸው። ወዲያው አነሡት፤ ደንግጠውም ይቅርታ ጠየቁኝ። ለእኔ አልነበረም ይቅርታው የሚገባው።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ዘንድ ገባሁ። ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ድስት እየወለወሉ ነበር፤ ስጨርስ ጨርቁን ጣሉት።

«አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት ልትከትፊ ነው ወይስ ልትሰልይ የመጣሽው?»

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«እኔን ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? እኛ እኮ በዚያች ልጅ ላይ አፋችንን ስናሾል ሰነበትን።» ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ለእሷ ማንም አልነገራትም ማለት ነው» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ጓደኛዬን «ጤፍ በመንፋት አግዢን» ብለው ወደ ቤታቸው ጠሯት። ውስጥ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ በድንኳኑ ውስጥ በሐሜቱ ዋነኛ የነበሩት ናቸው። ውሃም አዘጋጅተዋል። እኔ ልከተል ስል ሰብሳቢዋ እጃቸውን በሩ ላይ አደረጉ። «አንቺ ውጭ ሁኚ።» በሩን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጉትም።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» ሲሉ ሰማሁ። «አንቺ አጠገቧ ሁኚ፤ እጇን ያዢ። ልጄ፣ ወንድምሽ አርፏል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። አሁን ነው የነገርንሽ።»

ጩኸቷ መጣ። ወንድሟን በቤት ስሙ እየጠራች ነበር፤ እኔ ያንን ስም ከልጅነታችን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ሴቶቹም አብረዋት ማልቀስ ጀመሩ፤ አንዷ «እኔን፣ እኔን፣ የኔ እናት» ትላለች።

ከላይ የበር ድምፅ ተሰማ። እናትየው የደረጃውን ብረት ይዘው ወደ ታች አዩ። በአራት ቀን ውስጥ ፊታቸው ከስቶ ጠፍቷል።

«ማን ናት የምታለቅሰው?»

«ልጅዎ ናት፣ እትዬ።»

«የኔዋ?»

«አዎ።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ተመስገን፣ ጌታ ሆይ» አሉ፤ ከዚያ በባዶ እግራቸው መውረድ ጀመሩ። ሮጬ ወጣሁና ክንዴን ሰጠኋቸው። ማን እንደሆንኩ ሳያዩ ተደገፉኝ፤ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠርን ወረድን፣ በየደረጃውም «ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር።