ለአንድ እጅ የተሰፋ አፎት

አባቴ ኮርቻ ሰፊ ነበር። እኔም በኮርቻ ነው የምታወቀው። ፈረስ ጋላቢው እየቀነሰ ሞተር ብስክሌት እየበዛ ሲመጣ ግን ቀበቶ፣ የቢላ አፎት፣ የቦርሳ ማንገቻ እየሰፋሁ አሰላ ገበያ አጠገብ ያለችውን ሱቄን እስከ ዛሬ አልዘጋሁም። ቆዳ የሚፍቅና የሚሰፋ ሰው በአገራችን ምን ተብሎ ሲሰደብ እንደኖረ የማያውቅ የለም። አባቴ ስድቡን እየዋጠ ኖሮ ሞተ። እኔ መዋጥ አልሆነልኝም። ሥራዬን የሚያቃልል ሰው ሲገጥመኝ ከደጄ እስኪርቅ ድረስ ነው የምታገሠው፤ አንዳንዴ እስኪርቅም አልታገሥም። ይህን ለመኩራራት አልጻፍኩትም። ቀጥሎ የምናገረው ነገር ያለዚህ ጠባዬ አይገባም።

ሰውየው የመጣው በስንዴ አጨዳ ወቅት ነው። ከኢተያ ወዲያ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ካቻምና የእህል መውቂያ ማሽን ነዶውን ሲስብ እጅጌውን አብሮ ስቦት ነው አሉ። የመጣበትን ሳይናገር ከወገቡ አንድ አሮጌ የወታደር የሽጉጥ አፎት ከነሽጉጡ ፈታና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ወፍራም ክዳን አለው፤ ክዳኑ ደግሞ በዘለበት ይታሰራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለኝ። «እኔ ደግሞ ይኸው።» ባዶውን እጅጌ ከፍ አደረገው።

የሽጉጡን ፈቃድ አሳየኝ አልኩት፤ አሳየኝ። ጥይቱን አውጥቶ ሽጉጡን ሰጠኝ። ወረቀት ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእርሳስ አነሣሁት፣ ውፍረቱን ለካሁና መለስኩለት። ብረቱ ሱቄ ውስጥ እንዲያድር አልፈለግሁም። ምን ልታደርግበት ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ሁለት እጅ እያለኝ ማንም አይንቀኝም ነበር» አለኝ። ይህቺ ቃል ገባችብኝ። መናቅን እኔ አውቀዋለሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ሳልጠይቅ ቆዳ መቁረጥ ጀመርኩ።

በማግስቱ ከወይራ እንጨት በልኩ አንድ ሽጉጥ ጠረብኩ። ከዚያ ግራ እጄን በቀበቶ ከጀርባዬ ጋር አሰርኩት። አባቴ ኮርቻ ሲሰፋ መጀመሪያ ራሱ ተቀምጦበት ነበር ልኩን የሚያውቀው፤ እኔም የሰውየውን ልክ በሌላ መንገድ ማወቅ አልቻልኩም። ሦስት ቀን በአንድ እጅ ዋልኩ። ጫማዬን ማሰር አቃተኝ። ዳቦ ለመቁረስ በጉልበቴ መያዝ ነበረብኝ። ክር በጥርሴ እየበጠስኩ ከንፈሬ ቆሰለ። ሽንት ቤት ሄጄ ሱሪዬን መልሼ መቆለፍ ሲያቅተኝ ለብቻዬ ቆሜ ተሳደብኩ፤ ማንን እንደምሰድብ ግን አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ እኔን ለማናደድ የሚኖር መሰለኝ። ሰውየው በየቀኑ የሚውልበትን ንዴት ቀመስኩት። ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው አፎት አልሆነም። ሽጉጡን ስስበው አፎቱም አብሮ ይነሣል፤ ሁለተኛ እጅ ወደ ታች አልያዘውማ። ሁለት ቀን ተቆጣሁበት። በኋላ ዓይኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባቴ ኮርቻ ላይ ዐረፈ። ኮርቻን በጀርባ ላይ የሚያጸናው በፈረሱ ሆድ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ነው። እኔም ከአፎቱ ጫፍ ጭኑን ዞሮ የሚይዝ ጠፍር አወጣሁለት፤ ጸና። ሽጉጡ ሲመለስ አፉ እንዳይጣበቅ ቆዳውን ደርቤ እንደ ኮርቻ ፊት አጠነከርኩት። በክዳኑ ፈንታ አውራ ጣት ሲነካት ጠቅ ብላ የምትለቅ አንዲት ቀጭን ማሰሪያ አደረግሁ። ቆዳውን አርጥቤ በወይራው ሽጉጥ ላይ አለበስኩት፣ በአጥንት እያሸሁ ቅርጹን አስያዝኩት፣ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። ሲደርቅ ታጠቅሁትና መዘዝኩ። መለስኩ። ደግሞ መዘዝኩ። ደንበኛ ባይኖር እመዝዛለሁ፤ ሻይ እየጠጣሁም እመዝዛለሁ። እጄ እንደ ውሃ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም፤ ዛሬም መካድ አልችልም።

ሱቄ ደጃፍ ላይ ባጃጁን እያቆመ መግቢያዬን የሚዘጋ አንድ ሾፌር አለ። በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። አንድ ቀንም እንደልማዱ አቆመ፣ እኔም አፎቱን እንደታጠቅሁ ወጣሁና ተናገርኩት። እሱ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «ይልቅ ቆዳህን ፋቅ!» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። የማስታውሰው የወይራው ሽጉጥ በእጄ ሆኖ ደረቱ ላይ ተደቅኖ ሳየው ነው። ልምዘዝ ብዬ አላሰብኩም። እጄ ብቻውን ወርዶ፣ አውራ ጣቴ ማሰሪያዋን ነክቶ፣ ብቻውን ወጥቶ ነበር።

«በእንጨት ልትገድለኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሾፌሩ ከት ከት አለ። መንገደኛውም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብረት ቢሆን ኖሮ ያ ሰው ሳቁን አይጨርሰውም ነበር። ሰው ሲቆጣ በልብና በእጅ መካከል ትንሽ መንገድ አለ፤ በዚያች መንገድ ላይ ነው ብዙዎቻችን ወደ ራሳችን የምንመለሰው። እኔ ያቺን መንገድ አሳጥሬ አሳጥሬ ጨርሻታለሁ።

ይህን እያወቅሁ ሥራውን አስረከብኩ።

ሰውየው ታጠቀና አንድ ጊዜ መዘዘ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አላህ ሁለቱንም እጅዎን ይጠብቅልዎ» ብሎ መረቀኝ። የባጃጁን ነገር ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተጠንቀቅ፣ ይሄ ነገር ሳታዝዘው ይወጣል ልለው ነበር። አላልኩም። ብናገር በገዛ ሥራዬ ላይ እንከን ማውጣት ሆኖ ታየኝ። እያመሰገነኝ ሄደ፣ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ሁለት ወር አለፈ። በጥር አንድ ጠዋት አንዲት ሴት ገባች። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ነገር ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው፤ የኔው አፎት ነው፤ ባዶውን። በሌላ እጇ ቀጭን ረጅም በትር ይዛለች። ሲንቄ ነው። በአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ነው፤ በተጣሉ ሰዎች መካከል አንዲት ሴት ሲንቄዋን ካጋደመች ያንን ተሻግሮ የሚማታ ወንድ የለም። የሰውየው ሚስት መሆኗን ነገረችኝ። ተቀመጪ እህቴ አልኳት፤ አልተቀመጠችም።

ነገሩ የድንበር ነው። ባሏና ታላቅ ወንድሙ ጎን ለጎን ያርሳሉ። በመካከላቸው አንዲት የሣር መስመር ነበረች። የማጨጃው ማሽን፣ ኮምባይነሩ፣ ማሳ ሲገባ ድንበር አያውቅም፤ ሣሩንም ስንዴውንም ደፍጥጦ አለፈ። አጨዳው ሲያልቅ ወንድምየው ሁለት ትልም ገፍተኸኛል አለ፣ ባሏ አልገፋሁም አለ። ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቁ። አንድ ቀን ማሳው ላይ ቆመው ሳለ ወንድምየው፣ «በአንድ እጅህ የሁለት ሰው መሬት ልታርስ ነው?» አለው።

«እኔ ነገሩ ሲከር ሰምቼ ሲንቄዬን ይዤ እየሮጥኩ ነበር» አለች። «ስደርስ ሽጉጡ ወጥቷል። በመካከላቸው አጋደምኩት። ቆመ፤ ሲንቄ አልፎ አያውቅም። ከዚያ እጁን አየና ምን አለ መሰልዎ? ‹ማን አወጣው?› አለ። ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያወጣው እጁ ነው ወይስ ይሄ ቆዳ?»

የባጃጁን ሾፌር ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገርኩት ለእሷ ነው። ምንም ሳላስቀር ነገርኳት።

«አውቀው ነው የሰጡት?» አለችኝ።

«አውቄ ነው» አልኩ። አፈርኩ። ፋቂ ተብዬ ስሰደብ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

የድሮውን አፎት ዘለበት ባሏ ይጠላው እንደነበር ነገረችኝ። እሷ ግን ትወደው ነበር። እጁ ከተቆረጠ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተናዶ ቀኝ እጁ ወደ ወገቡ ሄዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከዘለበቱ ጋር ሲታገል ደርሳ ይዛዋለች። አሁን ሽጉጡን ጠቡን የያዙት የአገር ሽማግሌዎች ወስደው አስቀምጠውታል። የሚመልሱለትም ሚስቱ በተስማማችበት አፎት ታጥቆ ሲመጣ ብቻ ነው ብለዋል።

«ሁለት እጅ የሚፈልግ አድርገው ይስፉልኝ» አለች።

«አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው እኮ።»

«ሁለተኛው የኔ ይሁን።»

ጥያቄዋ እውነት ነው። እኔ ግን ያንን ሦስት ቀን አልረሳሁትም፤ በጉልበቴ ዳቦ ይዤ የቆረስኩትን፣ ሱሪዬን ይዤ የቆምኩትን። ለዚያ ሰው በገዛ ወገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ የማይከፈት ነገር መስፋት ግፍ መሰለኝ። እሱስ እሺ ብሏል ወይ አልኳት። «እሺም አላለም፣ እንቢም አላለም» አለችኝ፤ አፎቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሲንቄዋን አንሥታ ወጣች።

ግፍም ቢመስለኝ ያንን ሾፌር አስታወስኩና ጠቅ የምትለውን ማሰሪያ ስፌቷን እየበጠስኩ አወጣኋት። ወፍራም ክዳን ሰፋሁና ከአባቴ ኮርቻ የሆድ ጠፍር ላይ ዘለበቱን ፈትቼ አደረግሁበት። ዘለበቱ ወደ ታች ተጭኖ ካልተያዘ ጠፍሩ አይሳብም። ግራ እጄን እንደገና ከጀርባዬ አሰርኩና ሞከርኩት። በጣት ሞከርኩ፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እያሸሁ ሞከርኩ፣ ጎንበስ ብዬ በጥርሴም ልደርስበት ሞከርኩ። አልተከፈተም። ሥራ ተሳክቶልኝ ደስ ያላለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊወስደው የመጣው እሱ ራሱ ነው። ሰላምታ ሰጠኝ። አፎቱን አገላብጦ አየውና በአንድ እጁና በአገጩ እየታገዘ ታጠቀው። እኔ አልረዳሁትም፤ መታጠቅን ለብቻው ለምዶታል። የወይራውን ሽጉጥ ከመደርደሪያው አንሥቶ ከተተው። ክዳኑን አወረደና ጠፍሩን በዘለበቱ አሳልፎ ሳበ፤ ለመዝጋት አንድ እጅ በቂ ነው። ከዚያ ሊከፍት ጀመረ።

ብዙ ታገለ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ደጅ ባጃጁ ጡሩምባ ይነፋል፣ እሱ ቀና አላለም። በመጨረሻ እጁን ጣለና አየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ናቁኝ?»

«አልናቅሁህም» አልኩት። «ፈራሁልህ። ለራሴም ፈርቻለሁ።» ያን ጊዜ ያልነገርኩትን ነገርኩት፦ ሾፌሩን፣ ስድቡን፣ ሳላዝዘው የወጣውን የወይራ ሽጉጥ። ይህን የዚያን ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር፣ ኩራቴ ነው የያዘኝ አልኩት። እያየኝ ሰማ። «አንተ ላይም እንደዚያ ሆነ?» አለኝ። አንቱታውን የተወው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ንቀት አልነበረበትም።

«እንደዚያ ሆነ።»

ከዚያ ወገቡን ወደ እኔ አዞረና በቀስታ፣ «እስቲ እዚህ ጋ ብቻ ይያዙልኝ፣ ላውጣው» አለኝ።

ግራ እጄ ተነሣ። ዕድሜ ልኩን የሰው ማሰሪያ ሲይዝ የኖረ እጅ ነው፤ ያዝልኝ ሲሉት ይይዛል። ዘለበቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በቀኝ እጄ ያዝኩትና ወደ ጀርባዬ መለስኩት፤ ሦስት ቀን አስሬው ወደነበረበት ቦታ።

ሰውየው እጄን አየ። አልተቆጣም። ባዶ እጅጌውን ኪሱ ውስጥ ከተተና የማይከፈተውን አፎት እንደታጠቀ፣ የእንጨት ሽጉጤን ውስጡ እንደያዘ፣ ሚስቱ እንድትከፍትለት ወደ ቤቱ ሄደ።