በገለፈት ጉድጓድ ዳር የተማርኩት ፈረንሳይኛ

ዛሬ ባደግኩበት የቡና አገር በዱመርሶ ሳልፍ የበሰበሰ የቡና ገለፈት ሽታ ተቀበለኝ። ልጅ ሳለሁ እዚያ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ያንን ስዝቅ እውል ነበር። ዝልግልጉ እስከ ክርኔ ይለጠፍብኛል፤ ትሉ በጣቶቼ መሃል ይርመሰመሳል። የምንታጠብበትን ቧንቧ የሚይዘው፣ ሥራው በፈረንሳይኛ ይካሄድ በነበረው የድሬዳዋ ባቡር ላይ የሠራው መካኒክ ጋሽ ታዬ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሃ!»

«በባቡር ቋንቋ ጠይቅ፣ አንተ ግማታም!»

«ደ ሎ፣ ሲል ቩ ፕሌ» እለዋለሁ፤ ውሃ እባክዎ ማለት ነው።

«ጎሽ! ከውሃው ይልቅ ይሄ ቃል ያጠራሃል።»

ያኔ አልገባኝም። የቀረውን ፈረንሳይኛ ያለ አስተማሪ፣ በገዛ ጭንቅላቴ ተማርኩት።

ዛሬ እዚያው ጣቢያ በር ላይ አንዲት ፈረንሳዊት ቡና ገዢ አፍንጫዋን ይዛ ቆማለች።

«ቦንዡር ማዳም፣ ሳ ፒዩ!» አልኳት፤ ይገማል ማለቴ ነው።

ስቃ፣ አፍንጫዋን ለቅቃ እጄን ጨበጠችኝ። ኮራሁ።

ቤቴ ገብቼ ግን የልጅነቴ ግማት አሁንም ያለበት መስሎኝ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ያ ሽታ ፈረንሳይኛ አይሰማም።