የአባቴ ኮምፒውተር ያስፈራራን ሰሞን

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተቀጣጠለበት በዚያ ታኅሣሥ፣ ጠዋት ከቡራዩ ለሥራ ወጥቼ ማታ ቤቴ መግባት አልቻልኩም። አሸዋ ሜዳ ላይ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል ተባለ። በዚያው ጉለሌ አክስቴ ቤት ቀረሁ፤ ዛሬ ነገ ስል ሳምንታት አለፉ። ቅያሪ ልብስ እንኳን አልያዝኩም ነበር። በአክስቴ ሰፊ ቀሚስ ባንክ መስኮት ላይ ስቀመጥ ባልደረቦቼ ምን እንዳሉኝ አልናገርም።

ከቀሚሱ በላይ ያበሸቀኝ ግን ስልኩ ነበር። እናቴ ትደውላለች፣ "ደህና ነን" ትላለች፣ "አባባስ?" ስላት "አሉ" ብላ ዝም። ላገናኝሽ የለ፣ ሰላም ብለውሻል የለ። እኔ ደግሞ ነገር ሲደብቁኝ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን "ታመው ነው? ንገሪኛ!" ብዬ ጮኽኩባት። "ልጄ፣ ሁሉ ነገር በስልክ አይወራም" ብላ ዘጋችው። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት በስልክ የምታወራ ሴት እንዲህ ስትል ምን ይባላል? እንቅልፍ አጣሁ።

መንገዱ የተከፈተ ቅዳሜ በጠዋት አስኮ ሄጄ ያገኘሁት ታክሲ ላይ ዘለልኩ። አስፋልቱ ጎማ በተቃጠለበት ሁሉ ጠቁሯል። ሰፈራችን ስደርስ ጎረቤታችን ከበራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከከተማው በፊት የነበሩ ገበሬ ናቸው፤ እርሻቸው ከአጥራችን ጀርባ ይጀምራል። እኛ ኦቦ እንላቸዋለን። ከአባቴ ጋር ማታ ማታ አጥር ተደግፈው ሲጨዋወቱ ነው ያደግኩት።

"አከም ጅርታ፣ ልጄ?"

"ነጋያ ነው ኦቦ። እርስዎስ?"

"ደህና ነኝ። አባትሽን ምን በደልኩት? ሰላም ስለው ፊቱን አዙሮ ይገባል።"

አባቴ ሰው የሚነሱት ሰላምታ የላቸውም፤ ከተጣሉት ሰው ጋር እንኳን እጅ ይነሣሣሉ።

ስገባ ሳሎኑ ጨልሟል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ አባቴ በቤት ውስጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ላይ አንሶላ ተጥሎበታል፤ ሬሳ ያለበት ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሳሙኝና በሹክሹክታ "ማንም አልተከተለሽም?" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌው ስለ ማስተር ፕላኑ ስብሰባ ጠርቶ አባቴ እጃቸውን አውጥተዋል። "እኚህ ጎረቤቴ መሬታቸው ቢወሰድ የት ይገባሉ?" ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ የለም፤ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ግን ቀና ብሎ አይቷቸው የሆነ ነገር ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ዜና ሊያነቡ ኮምፒውተር ሲከፍቱ ከነቀይ ምልክቱ ማስጠንቀቂያ መጣ። አባቴ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ መካኒክ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ቀይ መብራት ከበራ ማሽኑ ይቆማል፤ ክርክር የለም። መዝገበ ቃላት አውጥተው እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ፈቱት።

"'አጥቂዎች መረጃህን ሊሰርቁ እየሞከሩ ሊሆን ይችላል' ይላል" አሉኝ። "ዜናው ብቻ ቢሆን እሺ። ኳስ ልይ ብዬ ብከፍት ያው ነው። የአየር ጠባይ ብል ያው ነው። በሁሉም በር ላይ ቆመዋል።"

"ታዲያ ኦቦን ለምን ሰላምታ ነሷቸው?"

"ከእኔ ጋር ካዩት እሱንም ይወስዱታል። ይቅርበት ብዬ ነው።"

ከዚያ ዋናውን ተናገሩ፤ ሐሙስ ጫንጮ ወንድማቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። እዚያ ማንም አያውቀኝም አሉ።

አንጀቴን በሉት። ወደዚያ የሚወስደው የሱሉልታ መንገድ ገና አልተረጋጋም፤ ታክሲዎች ግማሽ መንገድ ሄደው መስታወታቸው ተሰብሮ ይመለሱ ነበር። እሳቸው ደግሞ የደም ግፊት ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ይሂዱ እንዳልል መንገዱ፣ ይቅሩ እንዳልል ደግሞ ከሰፈራችን ተወስደው እስካሁን ያልተመለሱ ሁለት ወጣቶች አሉ። ፍርሃታቸውን የሞኝ ፍርሃት ነው ብዬ መናቅ አልቻልኩም።

አንሶላውን ገፈፍኩት። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "ተዪው ባክሽ" አለች። አልሰማኋትም፤ ስናደድ አልሰማም።

ኮምፒውተሩን አብርቼ ዜናውን ስከፍት እውነትም ማስጠንቀቂያው መጣ። የይለፍ ቃል፣ መልእክት፣ ምናምን ሊሰረቅ ይችላል ይላል። እሳቸው ላይ ልቆጣ የተነሣሁት ሴትዮ እኔም ፈራሁ። ከታች ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ አነበብኩ። ገጹ የያዘው የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ሥራ አልጀመረም ትላለች። ደግሜ አነበብኳት። ገና አልጀመረም ማለት ምን ማለት ነው? ሌባ ሊሆን ይችላል ይበለኝ፣ እሺ። ገና አልተወለደም ይባላል እንዴ?

ያኔ ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። ቀኑን አየሁት። ዓመቱ 2008፣ ወሩ አራተኛው፣ ሰዓቱ አራት ከሃያ። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ታኅሣሥ 2008።

"አባባ፣ ይሄን ቀን ማን ነው የሞላው?"

"እኔ ነኛ" አሉ፣ ትንሽ ኮራ ብለው። "መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ተዘባርቆ ነበር። አንቺ ስለሌለሽ ከካላንደሩ እያየሁ አስተካከልኩት። ሰዓቱንም ከእጄ ሰዓት ጋር አመሳከርኩት።"

የውስጥ ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳል፣ ሌላ ጊዜ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። አባቴ በእኛው አቆጣጠር ሞልተውት ቁጭ ብለዋል። ሳቄ መጣ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፤ እሳቸው ፊታቸውን አጠቆሩ።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

አስረዳኋቸው። እያንዳንዱ ገጽ መታወቂያ አለው፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ መታወቂያውን የሚመዝነው በራሱ ቀን ነው። እኛ ቀኑን ከፈረንጁ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ስለወሰድንበት፣ የሁሉም መታወቂያ ገና ወደፊት የሚወጣ ሆነበት። በሩ ላይ የቆመ ሰው የለም፤ በሩን የዘጋው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው።

ቀኑን በፈረንጅ አስተካክዬ ገጹን ከፈትኩት። ዜናው ቁልጭ ብሎ መጣ። "እስቲ ኳሱን" አሉ። መጣ። ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና ማውሱን ከእጄ ወሰዱት። እሳቸው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ ከፈቱ፤ ቀይ ምልክቱ እንደገና ፊታችን ላይ ተደቀነ። ግን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ወደ ደቃቃው ጽሑፍ ጎንበስ አሉ።

"ይሄኛው 'ጊዜው አልፏል' ነው የሚለው። ባለፈው ሳምንት። አሁን ቀናችን ልክ ነው አይደል?"

"ልክ ነው።"

"እንግዲያ ማሳደስ ረስተው ነዋ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "የራሱን መታወቂያ ማሳደስ ያልቻለ መሥሪያ ቤት እኔን ሊከታተል? አጥቂው እኔው ራሴ ነኝ ለካ።"

ከዚያ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ ሳል እያቋረጣቸው ሳቁ፤ ከጓዳ የወጣችው እናቴ ያበዱ መስሏት እኔን ነበር የምታየው። ነገሩን ስነግራት ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና "እፎይ" አለች። ስብሰባ ላይ የጻፈው ሰውዬ ምን እንደጻፈ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት የእሳቸውን ስም ነው፤ ምናልባት ለቤቱ የሚገዛውን አስቤዛ። ብቻ እኛን የፈለገ ሰው አልመጣም።

አባቴ መጋረጃውን ገለጡ፣ ጫማቸውን በነጠላ ጫማ ቀየሩና ወደ አጥሩ ወጡ። ኦቦን በኦሮምኛ ጮክ ብለው ሲጠሩ፣ ቀጥሎም ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተሻሙ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። ሰውነቴ ሁሉ ፍታት አለ። ለሳምንታት እንዴት ተጨማድጄ እንደሰነበትኩ ያወቅኩት ያኔ ነው።

እናቴን ፍለጋ መኝታ ቤት ገባሁ። ከአልጋ ሥር ሻንጣ ጎትታ ልብስ እያወጣች ነው። የአባቴ ሹራብ ወጣ፣ ሱሪያቸው፣ የግፊት መድኃኒታቸው። ከሥሩ ደግሞ የእሷ ቀሚስ፣ ሌላ ቀሚስ፣ ነጠላዋ፣ ጫማዋ።

"አንቺም ልትሄጂ ነበር?"

"ታዲያ ብቻውን ልልቀቀው?"

"እኔስ?"

"ከነገርንሽ ልከተል ትያለሽ፣ ሥራሽን ትተሽ። ጫንጮ ደርሰን እንደውልልሻለን ተባብለን ነበር። ኔትዎርክ ካለ።"

መንገዱ የተከፈተው ከሳምንት በኋላ ቢሆን ኖሮ የማንኳኳው በር ታየኝ። ባዶ ቤት፣ የማይነሣ ስልክ፣ የት እንደሄዱ የማያውቅ ጎረቤት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴ አላባበለችኝም፤ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ እያራገፈች ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ሰቀለች።