በዐቢይ ጾም የተወጋሁት ቀይ መርፌ

ልጄ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ስለ ጾም የምትለውን ሁሉ በጥርጣሬ ነበር የምሰማው። ስለዚህ እግሮቼ መደንዘዝ ሲጀምሩ አልነገርኳትም። አንድ ቀን ግን ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ቀርቶ፣ ሳይታወቀኝ እዚህ ኬንያ የምንኖርበትን የኢስትሊ ሰፈር ጭቃ አቋርጬ ቤት ገባሁ። ልጄ እግሬን አይታ ደነገጠች።

«እማዬ፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ይሄ ጾምሽ ነው የጎዳሽ።»

ይኸው በጾሜ መጣች፣ አልኩ በሆዴ።

ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደሜ ከተመረመረ በኋላ ኬንያዊቷ ሐኪም በእንግሊዝኛ ስትናገር ልጄ ተረጎመችልኝ። ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አልቆብኛል። ቫይታሚን ሰውነት ራሱ የማይሠራው፣ ከምግብ የሚያገኘው ነገር ነው። ጥቂት ይበቃል፤ ያቺ ጥቂት ስትጠፋ ግን ነርቭ ይጎዳል፣ ደምም ያንሳል። ይሄኛው በሥጋ፣ በወተትና በእንቁላል እንጂ በሽሮና በጎመን አይገኝም። ያረጀ ጨጓራ ደግሞ ከሚበላውም በደንብ አይወስድም።

ሐኪሟ ያለችው አጭር ነበር፤ የልጄ ትርጉም ረዘመብኝ። የራሷን ስብከት የጨመረችበት መሰለኝ።

ነርሷ የቫይታሚኑን መርፌ ይዛ ስትመጣ ፈሳሹ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ክንዴን ሰበሰብኩ።

«የከብት ደም ነው! ጾሜን ልታስገድፉኝ ነው!»

ልጄን ትቼ ሐኪሟን በገበያ ስዋሂሊዬ ጠየቅኋት። «ዳሙ?»

«ሲዮ ዳሙ፣ ማማ።» ደም አይደለም ማለቷ ነው። ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ በሚገባኝ ስዋሂሊ ቀስ ብላ ልጄ የተረጎመችውን ሁሉ ደገመችልኝ፤ ከዚያም ስለ መርፌው አስረዳችኝ። ይህን ቫይታሚን ላምም ራሷ አትሠራውም፤ ሆዷ ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው የሚሠሩላት። የመርፌውንም በፋብሪካ እንዲሁ ተሕዋስያን ይሠሩታል። ቅላቱም በውስጡ ካለ ማዕድን የመጣ ነው።

«ጾሜስ?»

«ጹሚ። መርፌሽን ግን እንዳታቋርጪ።»

ልጄ ከራሷ አንዲት ቃል እንዳልጨመረች ያኔ ገባኝ። ያም ሆኖ ለነፍስ አባቴ ደወልኩ። «መርፌ ጾም አያስገድፍም፤ ይልቅ ቶሎ ተወጊ» ብለው ተቆጡኝ። ክንዴን ሰጠሁ። ልጄን ይቅርታ መጠየቅ ግን አልሆነልኝም።

ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የወለሉ ሲሚንቶ እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጮክ ብዬ ልጄን ጠራኋት። ካልሲ ልታመጣልኝ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ተይው ልጄ፤ ትንሽ ይቀዝቅዘኝ።»