ሽቶ የተረጨበት ቱክቱክ

ቆንጂት የምትተዳደረው በሰው እድፍ ነው። በኬንያው ሞያሌ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያሉት ማደሪያ ቤቶች አንሶላቸውን የሚያሳጥቡት እሷ ዘንድ ነው። የከባድ መኪና ሾፌር ላብ፣ የጫት ምራቅ፣ ትውከት፣ ስሙ የማይጠራም ነገር ሁሉ በእጇ አልፏል። «አያስጠላሽም እንዴ?» ሲሏት ትስቅ ነበር። «በውሃና በበረኪና የሚለቅ ነገር ምኑ ያስጠላል?» ትል ነበር። ይህን ትል የነበረው ታፈሰን በደንብ ከማወቋ በፊት ነው።

አባቷ ከሰሜን ሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ ሞያሌ ተወልዳ፣ ሞያሌ አግብታ፣ ባሏንም እዚሁ ቀብራለች። ኦሮምኛውንም ስዋሂሊውንም እንደ አማርኛው ታቀላጥፈዋለች። እጇ በበረኪና ተልጦ የሻከረ ቢሆንም ሥራዋን የሚነቅፍ ሰው አልነበረም። ችግሯ ማመላለሻ ነበር። የታጠበውን አንሶላ በሞተር ሳይክል ስትልክ አቧራ ይጠጣል። ባለፈው የዝናብ ወቅት አንዱ ባለሞተር ጥቅሉን እንዳለ ጭቃ ውስጥ ጥሎባት፣ ቀን ሙሉ የለፋችበትን እንደገና አጠበች። ያን ጊዜ ቱክቱክ ለመግዛት ቆረጠች። ከድንበሩ ወዲያ ባጃጅ የሚሉትን፣ ባለ ሦስት እግሩን። አዲሱ የሚቀመስ ስላልሆነ አሮጌ ማፈላለግ ጀመረች።

ወሬው ጋሽ ታፈሰ ጆሮ ደረሰ። ታፈሰ ሆቴልም ቱክቱኮችም ያሉት ሰው ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላውን አጣፍቶ ከሰው ሁሉ ፊት ይቆማል። ከቅዳሴ ስትወጣ ጠራት።

«ቆንጂቴ፣ ቱክቱክ ትፈልጊያለሽ አሉ። እኔ እያለሁልሽ የት ትዞሪያለሽ?»

«የእርስዎ አሮጌ ነው ይባላል፣ ጋሽ ታፈሰ።»

«አሮጌማ ነው! እኔስ አሮጌ አይደለሁም? ግን እሠራለሁ!» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ሆቴሉ ጓሮ ሄዳ አየችው። ቀይ ቀለም ከተቀባ ገና አልሰነበተም። ጠጋ ስትል ሽቶ ሸተታት፤ ለሠርግ ቤት የሚሆን፣ ራስ የሚያዞር ሽቶ። ከሽቶው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር። የቆንጂት አፍንጫ ደግሞ የዋዛ አይደለም።

«ምን ይጫንበት ነበር?»

«ሰው ነዋ! ሌላ ምን ይጫናል?»

የኋላውን መቀመጫ ብድግ አደረገችው። ላዩ አዲስ ፕላስቲክ ለብሷል። ሥሩ ያለው ስፖንጅ ግን ጠቁሮ ጨቅይቷል፤ የደረቀ ደም የፍየል ጸጉር አጣብቆበታል። ወለሉ ጥግ ላይ ነጫጭ ትል ይርመሰመሳል። ከቄራ ቆዳና አንጀት ሲመላለስበት ነው የኖረው። ቆንጂት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ታፈሰ ቅንጣት አላፈረም። «እሱማ ያንቺው ሥራ አይደል? ታጥቢዋለሽ!» አላት።

እውነትም ይታጠባል ብላ ራሷን አጽናናች። ፖል የሚባለውን መካኒክ አምጥታ አሳየችው። ሞተሩ ለዕድሜው ደህና ነው አላት። የፊቱን ጎማ የያዘውን ብረት ሲነካካ ግን ፊቱ ተቀየረ። «ይሄ በቅርቡ ተበይዷል። ተገልብጦ ነበር። ሲነዳው የነበረውን ሰው ጠይቂ» ብሏት ሄደ።

ታፈሰን ስትጠይቀው አልደነገጠም። «አዳን ነው ይነዳው የነበረው። ሄሉ መንደር ነው ቤቱ፤ ሂጂና ጠይቂው! ምን የምደብቀው አለኝ?» አላት። እንዲህ ደረቱን ነፍቶ ሲናገር ስታይ ልቧ ረጋ።

አዳንን ያገኘችው ሄሉ ውስጥ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝቶ ነው። አንድ እግሩ በሁለት እንጨት መሀል ታስሯል፤ የታሰረበት ጨርቅ በመግል ርሶ ዝንብ ወሮታል። ሽታው ከደጅ ይቀበላል። አጠገቡ አፉ የተፈታ ፌስታል አለ፤ ውስጡ እርስ በርሱ የተቀላቀለ ሩዝና ፓስታ፣ ሰው ግጦ የተወው አጥንትም አለበት።

«ጋሽ ታፈሰ ከሆቴሉ ይልክልናል። አይረሳንም» አለ አዳን፣ ፌስታሉን ስታይ አይቷት።

ስለ ቱክቱኩ ጠየቀችው።

«ጥሩ ናት። ግዢያት። ፍሬኗ ቀጥ ያደርጋታል።»

«ታዲያ እግርህን ምን አገኘው?»

«ፍየል ገባብኝ፤ እሷን ለማዳን ስጠመዝዝ… የኔ ጥፋት ነው» አለ። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አላነሳም።

ሚስቱ ሀዋኦ ልትሸኛት ወጣች። ከቤቱ እልፍ እንዳሉ ክንዷን ያዘችና በኦሮምኛ ሹክ አለቻት።

«ውሸቱን ነው። ፍሬን የለውም። ይሠራልኝ ብሎ ታፈሰን ስንቴ ለመነው! ‹ካልነዳህ ቁልፉን አስቀምጥ፣ የሚነዳ ሞልቷል› አለው። ከገበያው በታች ቁልቁለቱ ላይ አልያዝ ብሎት ነው የተገለበጠው። አሁን ደግሞ ታፈሰ መጥቶ ‹ቱክቱኩ ሲሸጥ ማርሳቢት ሆስፒታል ወስጄ አሳክምሃለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ደህና ነው በል› አለው።»

ቆንጂት ለመሄድ ዞር አለች። ሀዋኦ ግን ክንዷን አልለቀቀችም።

«እባክሽ ግዢው። እንደነገርኩሽ አትንገሪ። ፍሬኑን አንቺ ታሠሪዋለሽ። እኛ ሌላ መንገድ የለንም።»

በእግሯ ወደ ከተማ ስትመለስ የሰማችውን አወጣች አወረደች። ታፈሰ የቆሰለውን ሰው፣ ያቆሰለውን ዕቃ እንዲያሻሽጥ ፍራሹ ላይ አስቀምጦታል። በዚያ ላይ የሰው ትራፊ ያበላዋል። ቢሆንም ልግዛው ይሆን ብላ አሰበች። ፍሬኑ ይሠራል፣ መቀመጫው ይጣላል፣ ሰውየውም ይታከማል። ይህን ይዛ በቀጥታ ታፈሰ ዘንድ ሄደች።

ምሳ በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር።

«እገዛዋለሁ፣ ጋሽ ታፈሰ። ግን ከዋጋው ላይ የአዳንን መታከሚያ እኔው ራሴ ለሐኪም ቤቱ እከፍላለሁ። የቀረውን ለእርስዎ እሰጣለሁ።»

ስንጥሩን ከአፉ አወጣው። «እሱ የኔና የሱ ጉዳይ ነው። አንቺን ምን አገባሽ?»

«ቃል ገብተውለት የለም?»

«ቆንጂቴ፣ በሽተኛ ተስፋ ይፈልጋል። ተስፋ ሰጠሁት። ይሄም ኃጢአት ሆነና ልትቆጪኝ ነው?» ብሎ ከጥርሱ ያወጣውን ሥጋ ወለሉ ላይ እንትፍ አለ።

ቆንጂት ብድግ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ታፈሰ፣ አንተ ሰው ነህ?» አለችው። አስተናጋጆቹ ቀጥ ብለው ቀሩ። መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። አጥሩ ጥግ ስትደርስ የበላችው ሁሉ ወጣ፤ የሰው ትውከት ስታጥብ የኖረችው ሴት ግድግዳ ተደግፋ አስታወከች።

ቱክቱኩን ሞሉ የሚባል የኡራን መንደር ሰው ሊገዛው መጣ። ቆንጂት መንገድ ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረችው፤ መገልበጡንም፣ ፍሬኑንም፣ የአዳንንም እግር። ሞሉ ደጋግሞ አመሰገናት። ከዚያ ተመልሶ የነገረችውን እንደ ዱላ ይዞ ታፈሰን ዋጋ አስቀነሰና ገዛው። ሲያልፍ አግኝታው «እንዴት?» ብትለው፣ «ኡራን ሜዳ ነው፣ ፍሬን ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሳቀባት።

ለአዳን ሳንቲም አልደረሰውም። ቆንጂት ንጹሕ ጨርቅና ሾርባ ይዛ ብትሄድ ፊቱን ወደ ቆርቆሮው አዞረ።

«ብትገዢው ምን ነበረበት? አንቺ ንጹሕ ሆነሽ ቀረሽ፤ እኔ እግሬ እየሸተተ ነው።»

ቆንጂት ጨርቁንና ሾርባውን ለሀዋኦ ሰጥታ ወጣች። ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ ሀዋኦን ይዛ የአዳን ጎሳ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደች። ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ ታፈሰ ያላትን ቃል በቃል፣ «ተስፋ ሰጠሁት» ያለውንም ጭምር ተናገረች። አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ጠዋት መጥተው የታፈሰ ሆቴል በር ላይ ተቀመጡ። ሻይ ቢባሉ እምቢ፣ ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። እንግዳ በመካከላቸው እየተሹለከለከ ይገባ፣ እያፈረ ይመለስ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ታፈሰ መኪና አዘጋጅቶ አዳንን ማርሳቢት አስወሰደው። መኪናው ሲነሳ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ሠራተኛዬን አልጥልም!» ሲል ነበር።

የአዳን እግር ተረፈ፤ ግን ሕክምናው ዘግይቶ ስለነበር ሳይቃና ቀረ። አሁን ገበያው ውስጥ ተቀምጦ የስልክ ካርድ ይሸጣል። ቆንጂት ስታልፍ እጁን ያነሳላታል፤ ከዚያ በላይ አይነጋገሩም።

ቱክቱክ አልገዛችም። አንሶላዎቹን የምታመላልስላት ደሚቱ የምትባል ሴት ናት፣ በአህያ ጋሪዋ፣ ሸራ አልብሳ። አዝጋሚ ነው፤ አንዳንድ ማደሪያ ቤት ያማርራል። የታፈሰን ሆቴል አንሶላ ማጠብ ትታለች፤ በዚህም ገቢዋ ጎድሏል።

ታፈሰ ዛሬም ከሰው ሁሉ ፊት ይቆማል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ «ቆንጂቴ፣ ጠፋሽ እኮ!» ብሎ ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። እጁ ላይ ያ ሽቶ ነበር። ቆንጂት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ አልፋው ወደ ቤቷ ሄደች።